ሽማግሌ ያስላከ ፊት

ውድ ባለቤቴ አየለ፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት አለፈ። ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። የቤቱ ጣሪያ ታድሷል፤ ማንኪራ ጫካ የሰቀልካቸውን የንብ ቀፎዎች ወንድምህ ይጠብቃቸዋል። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ራሴ ነው። ሳትስቅ ስማኝ፦ ሽማግሌ ተላከብኝ።

ነገሩ የጀመረው በአስሜ ነው። አምና ትንፋሽ ሲያጥረኝ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ታዘዘልኝ። እኔን ታውቀኛለህ፤ አንድ ቀን እንኳ ሰዓቱን ሳላዛንፍ ዋጥኩ። አቁሚ ያለኝ ስላልነበረ በዚያው የማዘዣ ወረቀት እየገዛሁ ዓመት ሙሉ ዋጥኩ። ትንፋሼ ተከፈተ፤ ፊቴም ክብ ብሎ ሞላ። ጎረቤቶቻችን ተመችቶሻል ይሉኝ ጀመር። አንዳንዶቹ ባሏ ከሞተ ወዲህ አማረባት ማለታቸውን ስሰማ ተናደድኩ። አልዋሽህም፣ ትንሽ ደስም ብሎኛል። ክንዴ ግን ከስቶ አምባሬ ይወልቅብኝ ነበር። ስለ ክንዴ ማንም ምንም አላለም።

አንድ ጠዋት ባልዲ ሳነሳ ወገቤ ቋ አለ። ራጅ ሲታይ አንዱ የጀርባ አጥንቴ ተጨፍልቋል። ልጃችን ሰናይት ከጅማ ከንፋ መጣችና ቤቱን ዘግተሽ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ አለች። አንተና እኔ ከሠራነው ቤት መውጣት! ከአጥንቴ ይልቅ ያ አሳመመኝ።

ራጁን ያየችውን ሐኪም እስኪገባኝ ድረስ በጥያቄ አስጨነቅኳት። እንደነገረችኝ፣ ክኒኑ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩትን ሆርሞን ይመስላል። ሴል ውስጥ ገብቶ በዘረ መል የተጻፈውን አይለውጥም፤ አንዳንዱን ያሠራዋል፣ አንዳንዱን ዝም ያሰኘዋል እንጂ። ሳንባዬን የሚያስቆጡትን ዝም ስላሰኘ ተነፈስኩ። ሲበዛ ግን አጥንት የሚገነቡትን ሴሎችም ሥራ አስፈታ፤ አሮጌ አጥንት የሚያፈርሱት ግን ሥራቸውን አላቆሙም። እንግዲያው ዛሬውኑ ልጣለው አልኩ። አይሆንም አለች፤ ዕጢዎቼ ስላንቀላፉ በድንገት ማቆም አደጋ አለው፣ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ለአስሜ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ለአጥንቴም ሌላ ክኒን ሰጠችኝ።

ክኒኑን እየቀነስኩ ሳለ ነው ሚስቱ የሞተችበት አንድ የሺሺንዳ ከተማ ቡና ነጋዴ ሽማግሌ የላከው። ሰናይት ሳቋን ልትደብቅ ጓዳ ገባች። እኔም ያያችሁት መልክ የመድኃኒት ነው፣ በቅርቡ ይሄዳል ብዬ በአክብሮት መለስኳቸው። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እትዬ፣ የክኒኑን ስም ቢነግሩኝ? ባለቤቴ በጣም ከስታብኛለች።»

ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። ወገቤን ይዤ በምርኩዜ እየተደገፍኩ በፊታቸው ወዲያና ወዲህ ተራመድኩ።

«ፊቴን አይደለም የሚያዩት፤ ይህን ይዩ» አልኳቸው። «ስሙን አልነግርዎትም። ባለቤትዎን ለምርመራ ይውሰዷቸው።»

ከዚያ ዘረ መሉንም ዕጢውንም አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። አንተ ብትኖር እጄን ጎትተህ ታስቀምጠኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ምክሬን ሰምተው ሚስታቸውን ሐኪም ቤት ወሰዱ። ሰናይትም ከጓዳ ወጥታ፣ ሽማግሌ የምትመልስና የምታስተምር ሴት ብቻዋን ብትኖር አይፈራላትም አለችና ወደ ጅማ ተመለሰች። ባልዲውን ግን ይዛብኝ ሄዳለች።

አሁን የፊቴ እብጠት ወርዶ ሽብሽቡ ተመልሷል። አንተ የምታውቀው ፊት ነው፤ በምናፍቅህም ጊዜ መስተዋቱን እያየሁ እንዴት ታየኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ዓይኔ እስኪከደን ድረስ አልረሳህም።

ሚስትህ አስካለ
ቦንጋ