አንገቴና ሁለቱ ካሜራዎች

ኅዳር 20/2007፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ጉርድ ፎቶ፣ ጉርድ ፎቶ፣ አሁንም ጉርድ ፎቶ። የቀን ሠራተኛው ሰሊጡን አራግፎ ጨርሷል፤ ወደ አገሩ ሊገባ ነው። ከመሄዱ በፊት አዲስ ሸሚዝ ይገዛል፣ ፀጉሩን ይስተካከላል፣ ከዚያ እኔ ፎ/ቤት። ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ ሁሉም። ካሜራውን ሲያዩ ትንፋሻቸውን ውጠው ቀጥ ይላሉ፤ "ቀጭ" ሲል ይለቁታል። ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ድምፁን ሳይሰማ ተነሣሁ ብሎ የሚያምን ሰው የለም።

የኔ ነገር ደስ አይልም። አንገቴ። ከአንገት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ጣት እየወረደ ይነዝረኛል። ይኼን ስጽፍልሽ እንኳ፣ ደብተሬ፣ አውራ ጣቴ ደንዝዟል። የጎንደሩ ሐኪም ያሉኝን እስከ ዛሬ ደብቄሽ ነበር፤ ይኸው፦ ወይ ክብደቱን ታወርጃለሽ፣ ወይ ሥራውን ትተያለሽ። ትልቁ ካሜራ ከነሌንሱ ከነፍላሹ የወፍጮ መጅ ነው፤ ሠርግ ላይ ከጧት እስከ ማታ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ሥራውን ብተው ደግሞ ጎንደር ገብቼ እኅቴ ሱቅ ውስጥ ሻሽ መለካት ነው። ነይ ብቻ፣ ቦታ አለሽ ብላለች። ሻሽ አልጠላም። ግን ኤጭ!

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

መጣች፣ ትንሿ ካሜራ! መተማ ዮሐንስ ያለው ነጋዴ ከካርቱም አስመጣልኝ። መዳፌ ላይ ቁጭ አለች።

ልንገርሽ። ትልቁ ሆዱ ውስጥ መስታወት አለው። ባነሣሁ ቁጥር መስታወቱ ብድግ ቁጭ ይላል። ይቺ መስታወት የላትም፤ ስለዚህ ቀጭን፣ ስለዚህ ቀላል። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በማያዋ ስመለከት ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ምን እንደሚመስል ታሳየኛለች። ፀሐይ ከበዛ በዝቶ፣ ፊት ከጠቆረ ጠቁሮ። እዚያው አስተካክዬ እጫናለሁ። ስንት ዓመት በግምት ስሠራ ኖሬ!

ደ. (ባሌ ደረጀ፣ ባለባጃጁ። አንቺስ ታውቂዋለሽ፤ ድንገት ሌላ ሰው ቢያነብሽ ብዬ ነው) አገላብጦ አያትና፣ ሙሽራ ያለ መስታወት እንዴት ትዋባለች ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ትልቁን ካሜራ ሳንጃ ከተማ ላለው ባለ ፎ/ቤት ልሸጠው ተስማምቻለሁ። ጥር መጨረሻ መጥቶ ይወስደዋል። እስከዚያ ሁለቱም እኔ ዘንድ ናቸው፤ ሐሳቤን ብቀይር ጊዜ አለኝ።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ተናድጃለሁ። ባትሪ! ይቺ ትንሽ የምላት ባትሪ ስትጠጣ ቆላ ላይ ውሃ የጠማው ሰው ናት። መብራት ጠፍቶ ዋለ፤ የሷ ሁለቱም ባትሪዎች አለቁ፤ የትልቁንም ሳልሞላ ነው የዋልሁ፤ ደንበኛው አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ቆሞ ያፈጥብኛል። ትልቁ በአንድ ባትሪ ሠርግ ጨርሶ ለመልሱ ይተርፈው ነበር። ወርውሬ ልሰብራት አሰብሁ። ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጌ አስቀመጥኋት፤ በንዴት ግን።

ከሰዓት በኋላ፦ ደ. ከባጃጁ ላይ ቻርጅ የሚያደርግ ነገር ገጠመልኝ። ታርቀናል። ከእሱም፣ ከእሷም።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ድምፅዋን ማጥፋት ይቻላል! ጭጭ። የምትተነፍስም አትመስል። ደስ ብሎኝ ድምፅ አልባ አድርጌ አንዱን ወሎዬ የሰሊጥ ሠራተኛ አነሣሁት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጨርሻለሁ አልሁት። ንቅንቅ የለም። ደረቱን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ቆሟል። ወንድሜ ተነሥተሃል እኮ! ፎቶውን አሳየሁት፤ አላመነም። ሲጨንቀኝ ካሜራዋን ወደ ዐይኔ አስጠጋሁና በምላሴ "ቀጭ!" አደረግሁለት። ትንፋሹን ለቀቀ። "እሰይ፣ አሁን ገና ተነሣሁ" አለኝ።

ሳቄን እስኪሄድ ጠብቄ ለቀቅሁት። ኋላ ግን ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አየሁ። ለቀጭታው የቆመው አጥር ላይ የተተከለ ግንድ ነው። ከዚያ በፊት፣ ኮሌታውን ሲያስተካክል ሳላስታውቀው ያነሣሁት ግን ሰው ነው። እናቱ የምታውቀው ልጅ። ሁለቱንም አጥቤ ሰጠሁት። የትኛውን እንደሚያሳያት እሱ ይወቅ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ሐጂ ኢድሪስ መጡ። የሰሊጥ ነጋዴው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ትልቁ ሱቅ የሳቸው ነው። ልጃቸው ሰሚራ ጥር ላይ ታገባለች። ሥራው የኔ ነው! ሴቶቹ ዘንድ ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም፤ ለዚያ ነው እኔ የተፈለግሁት። ደስታዬ ግን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ቀዘቀዘ። ጠረጴዛው ላይ ትንሿን አዩዋት። የልጅ መጫወቻ መሰለቻቸው። የኔ ናት፣ ከትልቁ አታንስም ብዬ ላስረዳ ሞከርሁ። ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የያዙትን አይለቁም።

"ልጄ፣ እንግዳው ከጎንደርም ከሱዳንም ነው የሚመጣ። ትልቁን ይዘሽ ነይ። ያለዚያ ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ እፈልጋለሁ።"

እሺ አልሁ። ምን ልበል? የሐጂን ሠርግ ማን አነሣው ብሎ የማይጠይቅ የለም፤ ይኼ ካመለጠኝ የከርሞው ሠርግ ሁሉ አብሮ ያመልጣል። ይዤው ብሄድ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ አንገቴ ላይ። ባለፈው ሠርግ ማግሥት ማበጠሪያ መያዝ አቅቶኝ ደ. ነው ፀጉሬን ያበጠረልኝ። አበጣጠሩንም አታንሺው።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ደ. መላ አመጣ። መጀመሪያ ትራሱን ወረወርሁበት፤ ቀጥሎ አሰብሁበት። ትልቁ ካሜራ በሦስት እግሩ ዳሱ መሐል ይቆማል። ባትሪ የለውም። ደ. ኮቱን ለብሶ ከኋላው ይቆማል፤ ሰው ሁሉ ወደሱ ይሰለፋል። እኔ ትንሿን ይዤ በጎን እዞራለሁ።

ማታለል ነው? ትልቁን ይዘሽ ነይ አሉኝ፤ ይዤ እሄዳለሁ። በትልቁ አንሺ አላሉም። (አልተዋጠልኝም። ተይው።)

ሲለማመድ ዋለ። አንድ ዐይኑን ይጨፍናል፣ እጁን ወደ ላይ ያነሣል፣ በምላሱ "ቀጭ!" ከኔ አስበለጠው። ከፎቶ አንሺነት ያስቀረኝ ባጃጁ ነው የሚል እብሪት ይዞታል።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

የሂና ቀን። ወንድ የለም፣ ደ. የለም፣ ትልቁም የለም። እኔና ትንሿ ብቻ። የሱዳን ቶብ የተከናነቡት፣ ከበሮ የያዙት፣ የሰሚራ አክስቶች፣ ሁሉም ረሱኝ! ትልቁን ይዤ ስገባ እኮ ክፍሉ ሙሉ ሻሹን ማስተካከል ይጀምር ነበር። ሰሚራ ውስጥ እግሯን ሂና ሲቀቧት ኮረኮራት፤ ተንፈራፍራ ሳቀች፤ አክስትየው ላይ ሂና ተረጨ፤ አክስትየውም ሳቀች። አንድም አላመለጠኝም። ለሰሚራ አሳየኋት። እስከ ዛሬ በፎቶ ላይ ጥርሷን አይታው እንደማታውቅ ነገረችኝ።

የሴቶቹን ፎቶ እኔው አጥቤ በእናትየው እጅ ብቻ ነው የማስረክብ። ደንቡ ነው። ተማም፤ ሁሉም መልካም። አንገቴ ዛሬ ምንም አላለኝም።

ጥር 17፣ እሑድ፣ አመሻሽ

አለቀልኝ። ጎንደር ሄጄ ሻሽ ልለካ ነው።

እስከ ቀትር ድረስ እኮ ቅቤ ነበር። ደ. ከትልቁ ኋላ ተገትሮ "ቀጭ" ሲል፣ እንግዳው ትንፋሹን ሲይዝና ሲለቅ፣ እኔ ከጎን። ሙሽራዋ ልትሸኝ ስትል ቤተሰቡ ሁሉ ዳሱ ሥር ተሰለፈ። ሐጂ መሐል፣ ነጭ ጀላቢያ፣ ቀጥ። ደ. እጁን አነሣ። በዚህ ጊዜ ከሩቁ ገለጉ የመጡት የሐጂ ወዳጅ፣ ጋሼ ሁሴን፣ ከወንበራቸው ተነሥተው ቀስ እያሉ መጡና ካሜራው ፊት ጎንበስ አሉ።

"ልጄ፣ ይኼ ካሜራህ ዐይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ የሚያይ?"

ክዳኑ! የሌንሱ ክዳን ከጧት ጀምሮ አልተነሣም። ደ. ያን ሁሉ ሲለማመድ ክዳን ማንሣት አልተለማመደም። እኔም ባትሪ የሌለውን ካሜራ ክዳን ማን ያየዋል ብዬ ነው መሰል፣ አላየሁም።

ዳሱ ሳቅ በሳቅ፤ የልጆቹ፣ የጎንደሮቹ፣ የሱዳኖቹ። ሐጂ አልሳቁም። ፊታቸው ደም መሰለ። በእንግዳ ፊት መቀለጃ አደረግሽኝ ያሉኝ ያህል አዩኝ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ገቡ። በትንሿ አንሥቻለሁ እኮ፣ ሁሉንም አንሥቻለሁ! ለጀርባቸው ተናገርሁ።

ደ. ኮቱን አውልቆ ባጃጁን ወደ ቤት ነዳ። አፍሬያለሁ። ስለ ክዳኑ ብቻ አይደለም። ሐጂን ፊት ለፊት፣ ይቺ ናት ካሜራዬ፣ እመኑኝ ማለት ነበረብኝ። ድፍረት አጣሁ።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ስመርጥ፣ ሳጥብ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ከሁሉም መካከል አንዷ ላይ ቆምሁ። የመጨረሻው ሰልፍ። ሰው ሁሉ የደ.ን እጅ ያያል፣ ትንፋሽ ይዞ። ሐጂ ብቻ አያዩም። ዞረው ሰሚራን ነው የሚያዩ። እሷ አላወቀችም። ሳነሣት እኔም አላወቅሁም። ደጋግሜ አየኋትና አለቀስሁ። ከዚያ ለራሴ ሳቅሁ። ነገ ራሴ እወስድላቸዋለሁ፤ የመጣው ይምጣ።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ሱቃቸው ሄድሁ። ደ. አብሬሽ ካልሄድሁ አለ፤ ፎቶ አንሺው አንተ አይደለህም ብዬ አስቀረሁት። ሐጂ ጆንያ መሐል ተቀምጠው ሰሊጥ በእጃቸው እያዩ ነበር። ሰላምታዬን በአፍንጫቸው መለሱ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ አንገቴን፣ ሐኪሙን፣ በትንሿ ነው የማነሣው ለማለት እንዴት እንደ ፈራሁ። ከዚያ ያቺን ፎቶ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አወጡ። ረጅም ጊዜ አዩ። ወደ ጓዳ ሚስታቸውን ተጣሩ፤ እሳቸውም መጥተው ቆመው አዩ። እትዬ ነበሩ መጀመሪያ የተናገሩ፦ ይኼን ፊት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ አሉ። ሐጂ ከዚያ በኋላ ነው የለሰለሱ። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለንግድ ፈቃድ ስንቴ ተነሥተዋል፤ ሁሉም ላይ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚመስሉ። ልጃቸውን እንዴት እንደሚያዩዋት ግን ራሳቸውም አይተውት እንደማያውቁ ነገሩኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ከዚያ ክዳኑ ትዝ አላቸው።

"ወይ ጉድ! ለተዘጋ ካሜራ ነው ሆዴን ስሰበስብ የዋልሁ?"

ጆንያው ላይ እስኪወድቁ ሳቁ። እኔም። እትዬም። ፎቶዋን ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከሚዛኑ በላይ ሰቀሏት። ሰሊጥ ሊሸጥ የሚገባ ሁሉ ያያታል።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

የሳንጃው ሰው ዛሬ መጣ። ትልቁን አገላብጦ፣ ክዳኑን አንሥቶ፣ አንዴ "ቀጭ" አድርጎ ሰማና ደስ አለው። ይዞት ሲወጣ ትንሽ ሆዴ ባባ፤ ስንት ሙሽራ አይተናል አብረን። መልካም ዕድል ይግጠመው፤ አንገቱም እንደኔ አይሁን።

ለእኅቴ ደወልሁ። ቦታውን ለሌላ ሰው ስጪው አልኋት። ተቆጣችኝ፣ ቀጥላ መረቀችኝ።

ገና ስልኩን ሳላስቀምጥ ሐጂ መልእክት ላኩብኝ። ጋሼ ሁሴን፣ ያ ክዳኑን ያዩት ሽማግሌ፣ የካቲት ላይ ልጃቸውን ገለጉ ይድራሉ፤ ያቺ ዐይኗን የማትጨፍነው ካሜራ ትምጣልኝ ብለዋል። ገለጉ! ስንቴ ተጠርቼ፣ ትልቁን መሸከም ፈርቼ ቀርቻለሁ። መንገዱ የታወቀ ነው፤ የጭነት መኪና የደረሰበት ድረስ በመኪና፣ ቀሪው በእግር። ሁለት ሌሊት እዚያው ነው የሚታደር።

ሳላስብ እሺ ብዬ ላክሁ። አሁን ነው ያሰብሁት፤ አሁንም እሺ ነው።

ደ. ባጃጅ እዚያ አይገባም ብሎ ተከፋ። ከዚያ ያን ሁሉ መንገድ ዕቃሽን ማን ይሸከምልሻል አለኝ።

እኔ፣ አልሁት። ራሴ።