ለሞተሩ ገንዘብ የላክሁልሽ ሁለት ዳይሶች

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ፑናሄሌ፤

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ በዚህ ዝናብ እንዴት አደረገሽ? ባለቤትሽን ጋሼ ካላኒን ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽ ኖሄያስ ፈተናዋን ጨረሰች? እኔ ደህና ነኝ፤ ካዚኖው ውስጥ ቁማር ሳጫውት ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ስውል እግሬን ከማመሙ በቀር። የላክሽልኝን ደረቅ ዓሣ የሥራ ጓደኞቼ «ሽታው ገደለን» እያሉ ተሻምተው ጨረሱብኝ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጀልባው ሞተር ጭራሽ መሞቱን፣ ስምንት ሺህ ዶላር አጠራቅማችሁ አራት ሺህ መጉደሉን ጽፈሻል። በኖቬምበር ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ወደዚህ ወደ ቬጋስ ስትመጪ ስምንቱን ሺህ ይዘሽ ጉድለቱን ከዳይስ ጠረጴዛ ልታወጪ አስበሻል። «አንተ ውስጡን ታውቀዋለህ፤ የቱ ላይ ልመድብ?» ብለሽኛል። እንግዲህ የማውቀውን ልንገርሽ፤ አትቆጪኝ።

ሁለት ዳይስ ሲወረወር ሠላሳ ስድስት ዓይነት አወዳደቅ አለው። ስድስቱ ሰባት ይሆናሉ፤ የሰባትን ያህል የሚመላለስ ቁጥር የለም። አንቺ የምትወጂው መስመሩ ላይ የሚመደበው ደህና ነው፤ ቤቱ፣ ማለት ካዚኖው፣ ከመቶ ዶላር በአማካይ አንድ ዶላር ከአርባ ሳንቲም ቢወስድ ነው። የመጀመሪያው ውርወራ ለምሳሌ አራት ካወጣ፣ አራት ከሰባት ቀድሞ እንዲመጣ ትጠብቂያለሽ። ያኔ ከመስመሩ ጀርባ የምትጨምሪው በልኩ፣ እንደ ዕድሉ ክብደት፣ ሁለት እጥፍ ይከፈልሻል፤ ቤቱ ከሱ ሰባራ ሳንቲም አይነካም። ግን መጀመሪያ መስመሩ ላይ ሳትመድቢ እዚያ አትደርሺም። በልኩ ተከፈለ ማለትም ታሸንፊያለሽ ማለት አይደለም፤ አራት በሦስት መንገድ ሲመጣ ሰባት በስድስት ይመጣል።

የጠረጴዛው መሀል ላይ የሚመደበው ግን ጉድ ነው። ስምንት በሁለት አራት፣ ከሰባትም ከሌላው ስምንትም ቀድሞ ቢመጣ ዘጠኝ እጥፍ ይከፍላሉ፤ ልኩ አሥር ነበር። «ቀጣዩ ሰባት ነው» ብለሽ ብትመድቢ አራት እጥፍ ይከፍላሉ፤ ልኩ አምስት ነው፤ ከመቶው አሥራ ሰባት ያህሉ እዚያው ይቀራል። ይህን መሀል የሚያሞግሰው ዳይሱን የሚሰበስብበትን ዱላ የያዘው ሠራተኛ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። «ሁለት አራት! ደፋር የለም እንዴ?» እያልኩ እጮሃለሁ። ደሞዜ ለዚህ ነው።

አሁን የከበደኝን ልናገር። አምና ዘመድ በዘመዱ ጠረጴዛ አይጫወትም ተብለሽ አጠገቤ ካለው ቆምሽ። ድምፄን በሰማሽ ቁጥር «የኔ ወንድም ነው እኮ!» እያልሽ ሁለት አራት ላይ ለራስሽ አምስት፣ ለሠራተኞቹ አንድ ዶላር ትመድቢ ነበር። ያ የሠራተኛው ጉርሻ ሲያሸንፍ ለሁላችን እኩል ይከፋፈላል። ስለዚህ ከዚያ ድርሻዬን በላሁ፤ አላስቆምኩሽም። አንቺ ስድስት መቶ ያሸነፍሽበትን የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሻለሽ፤ እኔ የታክሲ የሰጠሁሽን አራተኛውን ቀን አስታውሳለሁ። እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ቀይ ዳይሶች አሉ። ካዚኖው ከሠራባቸው በኋላ ምልክት አድርጎ የሚያስወጣቸው ናቸው። ከጓሮሽ የኩኩይ ዛፍ ሥር ስምንት መቶ ፍሬ ልቀሚ፤ አንዱን እንደ አሥር ዶላር ቁጠሪው። በረንዳው ላይ አንቺ ተጫዋች፣ ጋሼ ካላኒ ቤቱ ሁኑ። እዚህ ልትመድቢ ያሰብሽውን ያህል መድቢ፤ ሳምንት ሙሉ ተጫወቺ፤ አንድ ቀን ቀናኝ ብለሽ እንዳታቆሚ። እኔ በባቄላ አሥራ አንድ ቀን ሞክሬዋለሁ፤ ቤቱ ያልኩት ቆርቆሮ ሞልቷል። ከሳምንቱ በኋላ የተረፈሽን ቆጥረሽ አንቺው ወስኚ። ብትመጪ ደስታዬ ነው፤ የሞተሩ ገንዘብ ግን እዚያው ሂሎ ቤትሽ ይቅር። እዚህም ድምፄን ከሰማሽ እምነት አትጣይብኝ፤ ዱላውን ስይዝ ወንድምሽ አይደለሁም።

ኖሄያን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ዳይስ ላከ ብለሽ ግን እንዳታስለምጃት። አማትሽን እማማን እጅ ንሺልኝ፤ ሲወረውሩ ሰባት ብቻ ነው የሚወጣላቸው፤ ዳይሱን ደብቂባቸው። ጋሼ ካላኒን አጥብቀሽ ሰላም በይልኝ። ባሕሩም ሞተሩም ሲያሸንፉት የኖረ ሰው ነው፤ ለአንድ ሳምንት እንኳ ቤቱን ሆኖ ይየው።

ወንድምሽ ማካና
ላስ ቬጋስ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2018