ናታን በማግስቱ ተመለሰ

ለምወድህ ወንድሜ፣

የጌታ ሰላም ካንተ፣ ከባለቤትህና ከልጆችህ ጋር ይሁን። ሐዋሳ እንዴት ናችሁ? እኛ ልደታ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ልዋሽህ አልተቀመጥኩም።

በስልክ እንዳልነግርህ አንድ ክፍል ቤታችን ሹክሹክታ እንኳ አትደብቅም። ይህን የምጽፈው ሜክሲኮ፣ ሰው በሞላበት መሥሪያ ቤቴ ሆኜ ነው። ልቤ ግን እቤት ነው፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ለፋሲካ መጥተህ እጅህን ጭነህ እያለቀስክ ስትጸልይላት፣ «እማዬ፣ ጌታ የደም ግፊትሽን ወስጄዋለሁ ይላል» አልካት። እሷም «አሜን፣ ተቀበልኩ» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ክኒኗን አልነካችም። ከተቀበልኩ በኋላ መዋጥ ቃሉን መጠራጠር ነው ትላለች። አራተኛ ፎቅ ሳታርፍ ትወጣ የነበረችው ሴትዮ አሁን ሁለተኛው ላይ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። ትናንት ደግሞ ዓይኔ ብዥ አለብኝ አለች።

ብለምናት እንቢ ስትለኝ መጽሐፍ ቅዱሷን ገልጬ የናታንን ታሪክ አነበብኩላት። ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ልሥራ ሲለው፣ ናታን «በልብህ ያለውን አድርግ» ያለው ከራሱ ነው። አልዋሸም፣ ንጉሡን ስለወደደ እንጂ። በዚያች ሌሊት ግን እግዚአብሔር ቤቱን የሚሠራው ዳዊት እንዳልሆነ ነገረው፤ በማግስቱ ተመልሶ ቃሉን አረመ። ነቢይም የራሱ ምኞት አለው አልኳት። ሰማችኝና፣ «ናታንን ያረመው ጌታ ነው፤ አንቺ ማን ነሽ? ልጄ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ» አለች። አመሏን ታውቃለህ፣ አንዴ ካለች አለች ነው።

ተናድጄብሃለሁ፣ አልደብቅህም። ቃሉ የጌታ ይሁን የልብህ፣ እኔ በምን አውቃለሁ? አንተ ግን ታውቃለህ። ናታን ተመልሶ ንጉሡ ፊት ሲቆም ነቢይነቱ አልቀረበትም። ዳዊት በኋላ ባጠፋ ጊዜም የሰማው እሱኑ ነው። እባክህ ለቅዳሜ ድረስልኝ።

ሌላም ነገር አለ። ትናንት የተኛህበትን ፍራሽ ሳራግፍ የረሳኸውን አገኘሁት። ክኒኑ የእማዬው ዓይነት ነው፣ ካርቶኑ ላይ ግን ያንተ ስም ተጽፏል። ግማሹ ተውጧል። ለእሷ አላሳየኋትም፣ አላሳያትምም። ጎረቤታችን መቅዲ ነገ ሐዋሳ ስለምትሄድ ከደብዳቤው ጋር ታደርስልሃለች፤ እንዳታቋርጥ።

ያን ቀን ያለቀስከው ለእማዬ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ ዕድሜ ለሁለታችሁም ይስጥልኝ።

እህትህ