አክሲዮኑ የተገዛበት ዋጋ

ወንድም ጋሼ ረስል፣

አስቀድሜ በታላቅ ጸጸት አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ፤ የእማዬን ምርቃት ግማሹን ዘልዬዋለሁ። እጇ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ምርቃቷ ግን ማለቂያ የለውም። ብቻ እግዜር ከኮሪያ ብርድ ይጠብቅህ።

እማዬ እንዲህ ትላለች፦ «ልጄ፣ አያትህ ለጥምቀትህ የሰጡህን አክሲዮን መሸጥህን አሻሻጩ ድርጅት ከላከው ወረቀት አየሁ። አልተቆጣሁም። ግን ባሕር ማዶም ሆነህ ለአገርህ ግብር ማሳወቅ አለብህ። የተገዛበትን ዋጋ ካላሳየህ የሸጥክበት ገንዘብ በሙሉ ትርፍ ተብሎ ይቆጠርብሃል። እዚህ ነብራስካ በረዶው አልቀለጠም፤ ጥቁሯ ላም መንታ ወልዳለች። ለመሆኑ ምሳ ትበላለህ?»

ዋጋውን የሚያውቁት አያታችን ብቻ ናቸው። እማዬ ዙሪያ ጥምጥም ስትጠይቃቸው፣ «ሸጠው አይደል? ለራሱ ነው የምነግረው፤ ይደውል!» አሏት።

«እባክህ ደውልላቸው። መንገድህን ያቅናልህ፣ በጤና ያገናኘን» ብላለች እማዬ።

አትፍራ፣ ሽማግሌው አልተቀየሙህም። ይኸው የጆሮ መስሚያቸውን ባትሪ ቀይረው፣ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እንዳልነግርህ ግን አስምለውኛል፤ ስለዚህ ስትደውል ምንም እንዳልሰማህ...

እማዬ ነቃችብኝ፦ «ዴላ! እኔ ተናግሬ ጨርሻለሁ፤ አንቺ ምንድን ነው የምትጽፊው?»