የልጅ ልጄን ድምፅ ለሰረዘው የሞንጎልኛ ትምህርት ቤት

እጅግ ለተከበሩ፣ በኢንተርኔት የሚሰጠው የሞንጎልኛ ትምህርት የ«ከመካከለኛ በላይ» ደረጃ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በጻፍኩልዎ ቁጥር ቀድሞ የሚመልስልኝ «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚለው ታማኝ ማሽንዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ለትምህርት ቤትዎ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ፤ ከደም ግፊቴ በቀር የከፋብኝ ነገር የለም፤ እሱም የተነሳው የፈተና ውጤቴ በደረሰኝ ዕለት ስለሆነ ከእናንተ እንደተላከ ስጦታ ቆጥሬ ተቀብዬዋለሁ።

እናንተ ዘንድ ቁጥር እንጂ ሰው ስላልሆንኩ ራሴን ላስተዋውቅ። ጸጉር አስተካካይ ነኝ። የከባድ መኪና መካኒክ የሆነው ልጄ ለሥራ ሞንጎልያ ሄዶ፣ እዚያው አንዲት ነርስ አግብቶ ቀረ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። አሁን አምስት ዓመት ሆኗታል። አባቷ ከከተማ በራቀ ማዕድን ማውጫ ስለሚሠራ ወደ ቤት የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ እናቷ የሌሊት ተረኛ በሆነች ጊዜ ሁሉ ሕፃኗን የምታስተኛት አንዲት ጎረቤት ናት። እሷ ዘንድ መኝታ ሲደርስ እኔ ዘንድ ገና ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ የሚሳሳበት ጊዜ ስለሆነ፣ በስልክ ተረት እየነገርኩ የማስተኛት እኔ ልሁን ብዬ ተነሳሁ። ችግሩ እሷ ከሞንጎልኛ ሌላ አታውቅም፤ እኔ ደግሞ ከመቀስና ከወሬ ሌላ አላውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲያወራ ለሚውል ሰው ከገዛ የልጅ ልጁ ጋር እጅ እያውለበለቡ መለያየት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ልነግርዎ አልችልም። ባለቤቴ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብላ ብትተርትብኝም፣ ከጀማሪው ደረጃ ተነስቼ እየተንፏቀቅኩ እናንተ ደጃፍ ደረስኩ። ደጃፉ ላይ የገጠመኝን እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ትምህርቱ ይዘት። ወደዚህ ደረጃ የገባ ሰው ስለ መሠረተ ልማት፣ ስለ አየር ንብረትና ስለ ድርድር ጥበብ ሐሳቡን ሳይደናቀፍ መግለጽ እንዳለበት በመወሰናችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ስለ ባቡር ሐዲድ ዝርጋታ ከየትኛውም ሚኒስትር ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ መከራከር እችላለሁ፤ «የተነቃነቀው ጥርስሽ ወለቀ ወይ?» ብዬ መጠየቅ ግን አቅቶኛል። አንድ ቀን ልጅቷን ደኅና እደሪ ለማለት ሞቅ ያለ ቃል ፈልጌ ባጣ፣ ከመምህራችሁ የተማርኳትን ብቸኛ መዝጊያ አወጣሁና «ስለ ንቁ ተሳትፎሽ እያመሰገንኩ ውይይታችን በዚሁ መጠናቀቁን እገልጻለሁ» አልኳት። ለአፍታ ትኩር ብላ አየችኝና ከአልጋዋ እስክትወድቅ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የማትወደው ሾርባ ሲቀርብላት «ውይይታችን ተጠናቋል» እያለች ሳህኑን ትገፋለች አሉ። እናቷንም አያቴ የሚሠራው ቴሌቪዥን ውስጥ ነው ወይ ብላ ጠይቃታለች። ልጄ ይህን ሲያወራልኝ፣ አባዬ ጸጉር ቤቱን ሸጠህ መሥሪያ ቤት ከፈትክ እንዴ ብሎ ተሳለቀብኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ዝምታ። ማሽናችሁ በክፍል ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ያልተሰማን ተማሪ እንደቀረ ቆጥሮ ከክፍል ያስወጣዋል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያሉት አባቶቻችን እናንተ ዘንድ ተመዝግበው ቢሆን ኖሮ ሁሉም በመጀመሪያው ሳምንት ይባረሩ ነበር። እኔን ዝምተኛ ብሎ የሚያማኝ ሰው አልተወለደም፤ ይሁን እንጂ ትምህርቱን የምከታተለው ጸጉር ቤቴ ውስጥ እየሠራሁ ነው፤ የሰው ጉሮሮ በምላጭ ስላጭ ደግሞ ዝም እላለሁ፤ ይህም ደንበኞቼ የሚወዱልኝ ጠባይ ነበር። እዚያ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ትምህርቱ ስለሚዘጋብኝ፣ ምላጩን እንደያዝኩ ስለመጣልኝ ነገር ሁሉ በሞንጎልኛ መለፍለፍ ጀመርኩ። አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር አረፋ እንደተቀቡ ስለ ድንበር ድርድር ሳነበንብ ሰምተው፣ የምትጸልየው ለእኔ ነፍስ ነው ወይ ብለው በፍርሃት ጠየቁኝ። ዛሬ የሚስተካከሉት ከመንገዱ ማዶ ካለው ጸጉር ቤት ነው። ጸጉራቸው እምብዛም አልነበረም፤ ሰውየው ግን መልካም ሰው ነበሩ።

ሦስተኛ፤ ስለ ፈተናው። ደረጃውን ለማለፍ ከአፍ መፍቻ ተናጋሪ ጋር ሩብ ሰዓት መነጋገር ግዴታ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ተናጋሪዎች በሙሉ ስለተያዙ ተፈታኙ የራሱን ሰው ያቅርብ ተባለ። ልጄ ማዕድን ማውጫ ነው፣ ምራቴ ተረኛ ናት፣ ጎረቤቲቱ ካሜራ ስታይ ትሸሻለች። ስለዚህ ደንባችሁን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ተናጋሪው ቋንቋውን ከእናቱ የተማረ ይሁን ይላል እንጂ የወተት ጥርሱን የነቀለ ይሁን አይልም። የልጅ ልጄን አቀረብኩ፤ ማሽናችሁም ተቀበላት፤ ለዚህ ቸርነቱ ምስጋናዬ ይድረሰው።

በፈተናው ዕለት በሩ ላይ «ተዘግቷል» የሚለውን ሰቅዬ ስልኩን መስታወቱ ላይ አስደገፍኩ። እሷ አልጋዋ ውስጥ ነበረች። ጢሟን ለመላጨት ጸጉር ቤት ስለሄደች ፍየል ከራሴ የፈጠርኩትን ተረት ነገርኳት። ተረቱ ውስጥ አንድም መሠረተ ልማት አልነበረም። ፍየሏን አመማት ወይ አለችኝ፤ አላመማትም፣ እጄ ቀላል ነው አልኳት። ከተላጨች በኋላ ልጆቿ ካላወቋትስ አለች፤ በድምፅዋ ያውቋታል አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቃል ፍለጋ ሳልባዝን ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቆየት ብሎ ዓይኗ ከበደ። እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ዝም አልኩና ትንፋሿን ማዳመጥ ጀመርኩ። ተኛች ስል፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ አንዲት ቃል ታውቃለች ብዬ በማልጠረጥርበት በእኛው ቋንቋ «አያቴ፣ አልጨረስንም» አለች።

ለካ አባቷ እረፍት በመጣ ቁጥር ደብቆ ሲያስተምራት ኖሯል። እኔ ወደ እሷ ለመሻገር ስንፏቀቅ እሷም ወደ እኔ እየመጣች ነበር። የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ጸጉር አስተካካይ መስታወቱ ፊት ቆሞ ሲያለቅስ ሁለት ሆኖ ነው የሚያለቅሰው፤ እኔም እንደዚያው አለቀስኩ።

አራተኛ፤ ስለ ውጤቱ። ተፈታኙ ዝም ብሏል፤ ተናጋሪዋ ርእሱን ትታ ተኝታለች፤ በፈተናው መካከል ያልተፈቀደ ቋንቋ ተነግሯል፤ ስለዚህ ፈተናው ተሰርዟል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስለዘረዘራችሁልኝ አደንቃለሁ። በመውደቄ ቅር አላለኝም፤ የስንቱን ሰው ጸጉር ስጥል የኖርኩ ነኝ፤ መውደቅ አያስደነግጠኝም። ነገር ግን ግርጌው ላይ የተሰረዘ ፈተና የተቀዳ ድምፅም አብሮ ይደመሰሳል የሚል አነበብኩ። ማሽናችሁ እናንተ ካልሆናችሁ ሌላ ሰው ድምፁን ቀድቶ እንዳያስቀር ስለሚከለክል፣ እኔ እጅ ላይ ምንም የለም። ያቺን ቃል ላኩልኝ ብዬ ብጽፍ «ስለ ንቁ ተሳትፎዎ እያመሰገንን ጉዳዩ በዚሁ መጠናቀቁን እንገልጻለን» የሚል መልስ መጣ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አሉ። የመማሪያ መጽሐፉን ማን እንደጻፈው ያን ቀን ገባኝ።

ደግመህ አስብላት ይሉኝ ይሆናል፤ ሞክሬያለሁ። ስትጠየቅ ታፍርና ፊቷን በትራስ ትሸፍናለች። ሳይለምኗት የመጣች ቃል ተለምና አትመጣም። ልጅ ያድጋል፤ ነገ ቋንቋችንን አቀላጥፋ ብትናገር እንኳ፣ ያ የመጀመሪያው፣ በእንቅልፍ የተለወሰው ድምፅ ዳግም አይገኝም። ስለዚህ ማለፊያውም ይቅርብኝ፣ የምስክር ወረቀቱም ለሌላ ይሁን፤ የምለምነው ሳይደመሰስ የዚያን ሩብ ሰዓት መጨረሻ ብቻ እንድትልኩልኝ ነው። እናንተ ተጠናቋል ብላችኋል፤ የልጅ ልጄ ደግሞ አልጨረስንም ብላለች፤ ከሁለታችሁ ንግግሯ የሚገባኝ እሷ ናት።

ዝም በማለት ወንጀል የተፈረደብኝ፣ ከመካከለኛ በላይ መሆን ባይሳካልኝም ከአያትነት ያልተሰረዝኩ፣ ጸጉርዎን ለመቁረጥ ዕድል ቢሰጠኝ ጆሮዎን እንደምተውልዎ ቃል የምገባ፣

አክባሪዎ ጸጉር አስተካካዩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን አቤቱታ መጀመሪያ የጻፍኩት በሞንጎልኛ ነበር፤ ምራቴ አርማልኝ ለቢሮዎ ላክሁት። ከሦስት ቀን በኋላ በእርስዎ ፊርማ «ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ስላልተረዳን በሚገባን ቋንቋ ጽፈው ይላኩልን» የሚል መልስ ደረሰኝ። ቅር አይበልዎ፤ ከእኔ የተለቀቀ አንድ ቦታ ክፍሉ ውስጥ ስላለ ፈጥነው ይመዝገቡ። ተናጋሪ ካጡም የልጅ ልጄ ፈቃደኛ ናት፤ ዝም እንዳይሉ ብቻ ይጠንቀቁ።