ስልኬ ሁለቴ ቢጠራውም ስላልሰማው የዘር ምዝገባ አፕ

ለተከበሩ አቶ ሰውመሆን፣ የዘር ድጋፍ ምዝገባ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን አለ? ቤተሰብዎስ፣ ወንበርዎስ? እኛ ጎርፉ የሩዝ ማሳችንን ጠርጎ ከመሄዱ በቀር ደኅና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። እኔ ወረታ አጠገብ ርብ ወንዝ ዳር የምኖር፣ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ፣ በዚህም ጥፋቴ ጎርፍ የጎዳቸውን ሠላሳ አንድ ቤተሰቦች በስልኬ እንድመዘግብ የተመረጥኩ ሴት ነኝ። ምዝገባው ነገ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ ያልተመዘገበ የሽምብራ ዘር አያገኝም፤ የመሬቱ እርጥበት ደግሞ የቢሮ ሰዓት አያውቅም። ስለዚህ አቤቱታዬን በታላቅ ደስታ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አፕዎ ሠላሳ አንዱም ተመዝግበው ካላለቁ «ላክ» የሚለውን አያሳየኝም። ሃያ ሰባተኛዋ ላይ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እማማ ንግሥቲ ላይ ደርሼ የመሬት ደብተራቸውን ፎቶ ላነሣ ካሜራውን ስከፍት፣ አፕዎ ከኋላ ድርግም ይላል፤ ስመለስም ከቁጥር አንድ ጀምሪ ይለኛል። ይህ እስካሁን ሦስት ጊዜ ሆኗል። እማማ ንግሥቲ «ልጄ፣ ስሜ ከብዶት ይሆን?» ብለው ጠይቀውኛል፤ መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

፪. ብደውልልዎ «ስልክሽ ሞልቶ ነው፣ ፎቶ አጥፊ» ብለው መከሩኝ፤ ይህን ያህል ስለደከሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ጣራ ገዳም ስትሳለም ያነሣኋትን አጠፋሁ፤ አምና አርፋለችና ሌላ የለኝም። አፕዎ ግን እንደ ልማዱ ድርግም አለ። ይፋግ ከተማ ስልክ የምትጠግነው የአክስቴ ልጅ ማርያማዊት ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። ፎቶ የሚቀመጥበት የስልኩ ጎተራ ነው፤ ሥራ የሚሠራበት፣ ራም የሚሉት፣ አውድማው ነው፤ ጎተራ ስለጎደለ አውድማ አይሰፋም አለችኝ። ይህን ከእርስዎ ቢሮ ብሰማው ኖሮ እናቴ ዛሬም ስልኬ ላይ ነበረች።

፫. ስልኩንም በከንቱ አማሁት። አውድማው ምን ያህል እንደጠበበ ብቻ ሳይሆን፣ ሥራዎች ቦታ አጥተው ለምን ያህል ጊዜ ተገትረው እንደቆዩም ይለካል አለችኝ። ሲጠብበው መጀመሪያ አፖቹን «የማያስፈልጋችሁን ልቀቁ» ይላቸዋል፤ ሲብስበት «ልትዘጉ ነው፣ የያዛችሁትን አስቀምጡ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ከሚቆም ብሎ ከኋላ ያለውን ሳያስጠነቅቅ ይዘጋዋል። ካሜራ ደግሞ ሰፊ አውድማ ይፈልጋል።

እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። ርብ ሲሞላ የላይኞቹ መንደሮች ይጣራሉ፤ በመጀመሪያው ጥሪ ከብት እናወጣለን፣ በሁለተኛው እህል፤ ሦስተኛ ጥሪ የለም፣ ውኃው ራሱ ይመጣል። ጥሪውን ሰምቶ የሚተኛ ሰው በፎገራ ሜዳ አላየንም። ለአፕዎ ጆሮ ሳያበጁለት ለእኛ ስለላኩልን ግን እናመሰግናለን፤ እንዲህ ያለ እንቅልፋም እዚህ አልነበረንም።

እንግዲህ ልመናዬ ሁለት ነው፦ አንድ ቤተሰብ በተመዘገበ ቁጥር አፕዎ ይዞ ያስቀምጥ፤ ይህ እስኪሠራም የመዝጊያው ቀን ይገፋ። የማይመችዎ ከሆነ አይጨነቁ። ነገ በሦስት ሰዓት ሠላሳ አንዱንም ቤተሰቦች ከነደብተራቸው ይዤ ደጅዎ እደርሳለሁ፤ እማማ ንግሥቲ ከፊት ይቀመጣሉ። እርስዎ በእጅዎ ይመዘግቡናል፤ ቦታ ቢጠብብዎ ከመካከላችን የሚዘጋ የለም።

ምክርዎን እስከ መጨረሻዋ ፎቶ የፈጸምኩ፣ ትዕግሥትን በነጻ ያስተማሩኝ፣ ነገ በአካል እጅ ለመንሣት የቸኮልኩ አክባሪዎ፣
ድንቅነሽ አበረ
ከወረታ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚያው ስልክ ነው። ካሜራ እየከፈትኩ ሆን ብዬ መጻፊያውን ሁለት ጊዜ አስዘጋሁት፤ ስመለስ አንድ ፊደል አልጎደለም። የጽሑፍ መጻፊያውን ማን እንደሠራው አላውቅም፤ ሲነገረው የሚሰማ ሰው መሆኑን ግን አውቄያለሁ።