ጋራዡን አጽድቼዋለሁ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እማ፣ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ያንን ሁሉ ደረጃ አሁንም አንቺ ብቻ ነሽ የምትወለውዪው ወይስ ሌላ ሰው ጨመሩልሽ? እንቅልፍሽስ? ራሕማ ከጅዳ ለእረፍት እንደመጣች፣ «እናትሽ ከስታለች፤ ሳቋ ግን አልከሳም» አለችኝ። እሱን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። ሙቀቱን ታውቂዋለሽ፤ እዚህ ሮቢት ዘንድሮም ገና በጠዋቱ ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ በስልክ አልሆን ስላለኝ ነው። ስናወራ ሁልጊዜ ሰው አጠገቤ ይቆማል፤ አንቺም «ምነው ዝም ዝም አልሽ?» ትይኛለሽ። አፌ ድሮም እንደማይታዘዝልኝ ታውቂያለሽ። ራሕማ ሰኞ ወደ ጅዳ ስለምትመለስ በእጇ ትሰጥሻለች። አጎቴ ጋሼ አብዱልወሃብ ፈቅደውልኛል። «ስለ ቤቱና ስለ ዕቃው ጻፊላት፤ ሆዷን የሚያባባ ነገር እንዳትጽፊ። ሳይታሸግ ይነበብልኝ» ብለዋል። እሳቸው ቁርኣን እንጂ የአማርኛ ፊደል ስለማይቀናቸው፣ ከአባዬ ጋር ሞተር ሲፈቱ የኖሩት ጎረቤታችን ጋሽ ደሳለኝ ያነቡላቸዋል። ስለዚህ ስለ ዕቃው እጽፍልሻለሁ።

እማ፣ ጋራዡን አጽድቼዋለሁ።

እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። የዚያን የዒድ ዋዜማ ታስታውሺዋለሽ? መጥረጊያ ይዘሽ ልትገቢ ስትይ አባዬ በሩ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። «ወላሂ፣ እኔ በነፍስ እያለሁ ከዚህ ቤት አንዲት ዳዶ ከቦታዋ አትነቃነቅም!» አለሽ። አንቺ ደግሞ እዚህ ውስጥ ግመል ቢጠፋብህ አታገኘውም አልሽው። እሱም ግመሉ ገብቶ ነበር፣ ያንቺን ጩኸት ሰምቶ ነው የወጣው አለ። ጋሽ ደሳለኝ አንድ የመስኖ ሞተር ላይ ጎንበስ ብለው እየሳቁ፣ «እኔ ምስክር ነኝ» ሲሉ መጥረጊያውን ጥለሽው ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። አንቺም አልነካሽውም፣ እኔም አልነካሁትም።

አሁን ከጥግ እስከ ጥግ አጽድቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ፣ እናትሽ ስትመጣ ሰው ይበዛል፣ ግቢው አይበቃም፣ ጋራዡ ውስጥ ፍራሽ ይነጠፍበታል አሉ። ዕቃውን ቆራሌው በጅምላ ይውሰደው አሉ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ቆሜ ተናገርኩ። አንድ ግድግዳ ብቻ ይተውልኝ፣ ሁሉንም እዚያ ላይ እሰበስበዋለሁ፣ ወለሉ ለሰው ይሆናል አልኳቸው። ከዚያ ምንም ወጪ የማያስወጣ ከሆነ እስከ ራሕማ መሄጃ ድረስ ሞክሪ አሉኝ።

ምንም ሳይወጣበት እንዴት እንደሚሆን መጀመሪያ ጨንቆኝ ነበር። ሁሉንም ወደ ግቢው አውጥቼ ሸራ ላይ ዘረገፍኩት። የሚቆርጠውን ለብቻ፣ የሚመታውን ለብቻ፣ የሚያጠብቀውን ለብቻ አደረግኩ። ምን እንደሆነ ያላወቅኩትን ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ጋሽ ደሳለኝ እያነሱ ስሙን ነገሩኝ። ለመደርደሪያ የሚሆን ጣውላ አልነበረንም። ቲማቲም አይሱዙ ላይ የሚጫንበት ቦታ የተሰበረ ሳጥን ሲጣል አይቼ ስለነበር ሄድኩ። ግን ስጡኝ ማለት አቅቶኝ ግንብ ተደግፌ ቆምኩ። ጋሪ ነጂው ከቢር አይቶኝ፣ «ቲማቲም ልትሆኚ ነው እንዴ፣ ፀሐይ ላይ የምትቀይው?» ብሎ ሳቀብኝና የፈለግኩትን ራሱ ጠይቆ በጋሪው አመጣልኝ። ሳጥኖቹን በጎናቸው ደራርቤ እርስ በርስ በሚስማር መታኋቸው። ቢጫውን የዘይት ጀሪካን በአንድ ጎኑ ቀድጄ እንደ መሳቢያ ውስጣቸው ከተትኩት። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሚስማር፣ እያንዳንዱ የየራሱ ጀሪካን አለው። ክዳኑ ላይ የውስጡን ዓይነት አንድ አንድ አስሬበታለሁ፤ ፊደል የማያውቅም ሰው ያገኘዋል። ያረጀ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲኩን በመቀስ ሸንሽኜ ግድግዳው ላይ በሚስማር መታሁት። ካቻቪቴው፣ ፒንሳው፣ ሞረዱ ሁሉ በላስቲኩ ውስጥ ተሰክቶ ቆሟል። የዛገውን በተቃጠለ ዘይት ነከርኩት፤ ግማሹ ዳነ።

ዕቃው ሲነሳ ግን እማ፣ ቤቱ ዝም አይልም። ብረት ቆንጥጦ የሚይዘው ሞርሳ ስር የሻይ ብርጭቆ አገኘሁ፤ ስኳሩ ከታች ደርቆ ጉንዳን ይዞታል። የትልቁ መዶሻ እጀታ ሳነሳው ሞቀኝ። ፀሐይ ያልነካው ጥግ ነበር፤ ለምን እንደሞቀ አላውቅም። መልሼ አስቀመጥኩትና ሌላውን ስሠራ ዋልኩ። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ሲሞቅ ደግሞ ብሎን የሚመታ ሰው ያለ ይመስላል። ፊት ፊት ሮጬ እወጣ ነበር። አሁን ቆርቆሮ መሆኑን አውቄም እሮጣለሁ።

ግድግዳውን ከጎረቤት በተረፈ ኖራ ቀባሁት። መብራት ማብሪያው አጠገብ ያለውን ግን አልቀባሁም። በግራሶ የጠቆረ የአባዬ እጅ አሻራ አለ፤ አምስቱም ጣት ይታያል። አንቺ «ይህን ቆሻሻ መቼ ነው የምታጥበው?» እያልሽ የምትጨቃጨቂበት ነው። ብሩሹ እዚያ ሲደርስ ዙሪያውን ሄድኩበት። ጋሼ መጥተው አዩና ብሩሹን ተቀብለውኝ የላይኛውን፣ እኔ የማልደርስበትን፣ ራሳቸው ቀቡት።

ከቢር የጋሪውን ጎማ ሊያስጠግን እንደልማዱ ከበሩ ሆኖ አባዬን «ኸይረዲን አለህ?» ብሎ ተጣራ። ከዚያ እኔን አየና ውኃ ስጪኝ አለ። እየጠጣ ዙሪያውን ቃኘ። «ይህማ ፋርማሲ ነው። ኸይረዲን በሩን ተሳሳትኩ ብሎ ይመለሳል» አለ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ጣሳውን ሳይጨርስ አስቀመጠው። ጎማውን እኔ ጠገንኩለት እማ። ጋሽ ደሳለኝ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ እጃቸውን አላስገቡም። ሲነፋ አልተነፈሰም።

ለአባዬ የላክሽው የድምፅ መልእክት ደርሷል። ረጅሙ፣ ኮንትራቱን ለሁለት ዓመት ላድስና የብየዳ ማሽን ይዤልህ ልምጣ ያልሽበት። ጋሼ ስልኩን ሲያውሱኝ ጋራዥ ገብቼ በሩን ዘግቼ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። መልእክት አማና ነው፣ ለባለቤቱ መድረስ አለበት ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሞርሳው ፊት ቆሜ አንቺ ስትስቂ፣ ስትቆጪ፣ «አንተ እኮ አትሰማኝም» ስትዪ ሁሉንም አሰማሁ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ለሁሉም ዕቃ ቦታ ሰጥቻለሁ፤ የተሰበረው የብረት መቁረጫ ሰጌቶ እንኳን ቦታ አለው። ለብየዳ ማሽን ግን ቦታ አላዘጋጀሁም። አትግዢው። ራሕማ ያመጣችው የአባዬ የግፊት መድኃኒትም እንደታሸገ ነው፤ በንጹሕ ጣሳ አስቀምጬዋለሁ፤ ሌላ አትላኪ። በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃኑ በሚገባበት፣ ያንቺን የስፌት መኪና አቁሜዋለሁ። አቧራውን ጠርጌ ዘይት አጠጥቼዋለሁ፤ ሲዞር ድምፁ እንደድሮው ነው። ወንበሩ ላይ ማንም አይቀመጥም። እማ፣ ኮንትራቱን አታድሺ። የምጠይቅሽ ይህንን ብቻ ነው። ሌላ ነገር ጠይቄሽ አላውቅም።

ጎረቤታችን ሙሚና ዒዳዋን፣ የባሏን የሐዘን ወራት፣ ጨርሳ ከወጣች ቆይታለች። ባሏ የሞተ ጊዜ ሽቶዋንና ወርቋን ተቀብለሽ ያስቀመጥሽላት፣ እስኪያልቅ ሂና እንዳትቀባ የነገርሻት አንቺ ነሽ አይደል? ወርቋን አሁን ጠየቀችኝና ሳጥንሽን ከፍቼ ሰጠኋት። ዱዓ አደረገችልሽ።

ሰላም የሚሉሽ ጋሼ አብዱልወሃብ፣ ጋሽ ደሳለኝ፣ ከቢርና ሙሚና ናቸው። እኔ ደግሞ እንድትመጪ ብቻ ነው የምፈልገው።

አላህ እግርሽ የሚረግጠውን ሁሉ ያለስልስልሽ። በሰው ቤት ያለሽን ክብር ይጠብቅልሽ። በሄድሽበት መንገድ በሰላም ይመልስሽ። አሚን።

ልጅሽ

ይህን ከጨረስኩ በኋላ ነው የጨመርኩት። ይህ አልተነበበም።

ጋሽ ደሳለኝ ዛሬ ደጃፉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ለጋሼ አነበቡላቸው። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። መጀመሪያ በደንብ ሄዱ። «እኔ በነፍስ እያለሁ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ቆመ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ጋሼ ምን ሆንክ ቢሏቸው ጽሕፈቷ ደቃቅ ነው አሉ። የኔ ጽሕፈት ደቃቅ አይደለም፤ ታውቂዋለሽ። ያንን መስመር ዘለው ስለ ቲማቲም ሳጥኑ ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ በየቦታው ሲዘሉ ሰማኋቸው። ሰላምታው ጋ ሲደርሱ የሁሉንም ስም ጠሩና ከራሳቸው፣ «አባትሽም ሰላም ብሎሻል» ብለው ጨመሩበት።

ጋሼ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ስለ ዕቃ ብቻ ነው የጻፈችው?» አሉ።

«ስለ ዕቃ ብቻ ነው» አሉ ጋሽ ደሳለኝ።

ደብዳቤውን ሲመልሱልኝ ፊቴን አላዩኝም። እጄ ላይ አስቀመጡትና ጣቶቼን በላዩ አጠፉልኝ።

እማ፣ ያቺን ሰላምታ እኔ አልጻፍኳትም። ወረቀቱ በእጅሽ ነው፤ ፈልጊያት፣ የለችም።

በጋሼ አትቀየሚ። ክፋት የላቸውም። ሰው አገር ብቻዋን ሆና አትስማው፣ እዚህ መጥታ በሰው መሀል ትስማው ነው የሚሉት። ወግ ነው፤ እኔም ያንን ቃል አልጻፍኩባቸውም። ራሕማን ግን ደብዳቤውን ከሰጠሻት በኋላ ወዲያው እንዳትሄጂ፣ አጠገቧ ዋዪ ብዬ አስምዬያታለሁ። አሁን አጠገብሽ ካለች እጇን ያዢ።

ባለፈው በላክሽልኝ ፎቶ እጅሽ ላይ አዲስ ሂና አየሁ። ያምራል። ይልቀቅ እማ፣ መልሰሽ አትቀቢው።